ስለ ቆላው ድመትና ስለ ፍርፋሪው

ከአብደራፊና ከመተማ የመጣን ተማሪዎች በምግብ ቤቱ ጓሮ ለሚሰበሰቡት ድመቶች ፍርፋሪ ስንጥል ያዩን አንዳንድ ወንድሞቻችን «ሰው በሚራብበት አገር ድመት መቀለብ የባለጠጋ ልጅ ፈሊጥ ነው» እያሉ ይዘባበቱብናል። ለዚህ ነቀፌታ መልስ መስጠት የሚገባ ሆኖ ስላገኘነው ይህን ጥቂት ቃል በማኅበራችን ጋዜጣ ለማስፈር ወደድን።

በመጀመሪያ አገሩን እናስታውቅ። አብደራፊ በምዕራብ አርማጭሆ፣ በሱዳን ጠረፍ አጠገብ ያለች የሰሊጥና የማሽላ አገር ናት። መሬቷ በክረምት የሚጨቀይ፣ በበጋ ደግሞ እየተሰነጠቀ እጅ የሚያስገባ ጥቁር ዋልካ ነው። በአረምና በአጨዳ ወራት ከደጋው እጅግ ብዙ የቀን ሠራተኛ ይወርዳል። ይህ ሠራተኛ አልጋ የለውም፤ በዳስ ሥር ወይም በሜዳ ላይ ይተኛል፤ ራቱን በልቶ ፍርፋሪውን እዚያው ያራግፋል። የከተማውም ሰው ቢሆን ሙቀቱ ሲብስበት ከቤት ወጥቶ በግቢው ያድራል። እህሉ በጆንያ ተጠቅጥቆ በአጠገቡ ተደርድሯል። አይጥ ከዚህ የሚበልጥ ድግስ ከየት ታገኛለች? አይጥ ባለችበት ደግሞ እባብ ይመጣል። ፍርፋሪው የተጣለበትና ሰው የተኛበት ስፍራ አንድ መሆኑ ነው መከራው።

ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ድርጅት በአብደራፊ ለብዙ ዓመታት በተለይ ሁለት ዓይነት ሕሙማንን ሲያክም ኖሯል፤ አንደኛው በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈው ካላዛር የያዘው፣ ሁለተኛው እባብ የነደፈው ነው። የዓለም የጤና ድርጅት የእባብ መንደፍን ቸል ከተባሉት የሐሩር አገር በሽታዎች መዝገብ ያገባው ገና እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2017 ነው፤ በ2019ም ሞቱንና አካለ ስንኩልነቱን እስከ 2030 በግማሽ ለመቀነስ ዕቅድ አወጣ። ይህን ያህል ዘመን ቸል የተባለበት ምክንያት ለእኛ ግልጽ ነው፤ የሚነደፈው ባዶ እግሩን የሚያርመው ድኻ ስለሆነ ነው። የመርዙ ማርከሻ ከባሕር ማዶ የሚመጣ፣ ዋጋውም የቀን ሠራተኛ የብዙ ቀን ድካም የሚበላ ነው። እንግዲህ ከዚህ ጋር ሲመዛዘን አንዲት ድመት የምትበላው ጉርሻ ምን ያህል ነው?

«ድመት ከጠገበች አይጥ አትይዝም» የሚለውን እናቶቻችንም ይሉታል፤ ነገር ግን ልክ አይደለም። ድመት የምታድነው በረኃብ ብቻ ሳይሆን በተፈጥሮዋ ነው። የተራበችው ሩቅ ትዞራለች፤ ጥቂት የቀመሰችው ግን ከቤት አትርቅም፤ ለጎተራው የሚጠቅመውም ይኸው ነው። ደግሞም የድመትና የሰው ወዳጅነት የተጀመረው በጎተራ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2007 የወጣ የዘር ጥናት እንዳረጋገጠው፣ የቤት ድመት ሁሉ የተገኘችው በመካከለኛው ምሥራቅ ከነበረችው የዱር ድመት ነው፤ በቆጵሮስ ደሴትም ከሰው ጋር የተቀበረች የ9,500 ዓመት ድመት ተገኝታለች። የዚያችው የዱር ድመት ወገን ዛሬም በእኛ ቆላ ጫካ ውስጥ ይኖራል። ድመት ከፈረንጅ የመጣ ቅንጦት ነው የሚሉት ወንድሞች ይህን ቢያስቡት መልካም ነው።

ይህን ስንል ግን አሰጣጡ ሁሉ መልካም ነው ማለታችን አይደለም። ትራፊውን ማታ ማታ ከአጥር ውጭ የሚደፋ ሰው ድመቷን ብቻ የመገበ ይመስለዋል፤ የሚሰበሰበው ግን ባለቤት የሌለው ውሻ፣ ቀበሮና ጅብ፣ ለዶሮዎቹም ጠላት የሆነው ሸለምጥማጥ ነው። እነዚህ በአንድ ገበታ ሲናከሱ የእብድ ውሻ በሽታ ከአንዱ ወደ ሌላው ያልፋል። በባሌ ተራሮች የቀይ ቀበሮን ዘር በተደጋጋሚ የፈጀው ከመንደር ውሾች የተጋባ ይኸው በሽታ ነው። በሐረር ከግንቡ ውጭ ጅብ ያጎርሳሉ፣ በአሹራም ቀን ገንፎ ያቀርቡለታል ብሎ የሚከራከረን አይጠፋም። ያ ግን ቦታው የተለየ፣ አጉራሹም የታወቀ ነው እንጂ በየሰው ደጃፍ፣ ሕፃናት በተኙበት አጠገብ የሚደረግ አይደለም።

ስለዚህ ለድመት የሚሰጠው በቀን፣ በቤት ውስጥ፣ በልታ የምትጨርሰውን ያህል ይሁን፤ የተረፈው ይነሣ። ነፍሰ ጡር ሴት ኩሷን አትጥረግ፤ በእርሱ የሚተላለፍ በሽታ ጽንሱን ይጎዳልና። ድመትም ሆነ ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ያህል አጥቦ ወደ ሐኪም ይሂድ፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውምና።

መርዝ የሚበትኑትን ግን ፈጽሞ አንደግፍም። መርዝ የበላችውን አይጥ ድመቷ ትበላታለች፤ ድመቷ ትሞታለች፤ አይጥ ግን በዓመት ብዙ ጊዜ ስለምትወልድ ጎተራውን ያለ ጠባቂ መልሳ ትወርሰዋለች። በየከተማው የተመረዘ ሥጋ እየጣሉ ውሻ መግደልም የቆየ ልማድ ነው፤ ይሁን እንጂ በሽታውን አላጠፋም። የሚያጠፋው ክትባት ነው። ሰውን ከሚይዘው የእብድ ውሻ በሽታ 99 ከመቶ የሚደርሰው የሚመጣው ከውሻ ሲሆን፣ ከውሾቹ 70 ከመቶው ከተከተቡ መተላለፉ እንደሚቆም ሊቃውንቱ ይናገራሉ።

በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1954 ሲከፈት ተማሪዎቹ በቡድን ሆነው ወደ ገጠር እየወጡ ሕዝቡን እያገለገሉ ይማሩ ነበር። የእንስሳት ሕክምና የሚማሩ ጓዶቻችንስ በመጪው ክረምት ለአረም ሠራተኛው መውረድ አስቀድመው የክትባት መርፌ ይዘው ወደ አብደራፊ ቢወርዱ ምን ይከለክላቸዋል? ማኅበራችን ይህን ጥያቄ በሚቀጥለው ስብሰባ እንዲያቀርብ እንጠይቃለን። ማደሪያና መንገድ መሪ ከእኛ ከቆላ ልጆች ይገኛል፤ ውሾቹንም የምናስይዝ እኛው ነን።