ልክን ማወቅ

በአማርኛችን «ልክ» የምትለው ቃል ብዙ የተሸከመች ናት። መስፈሪያም ናት፣ ትክክልም ናት፣ ወሰንም ናት። ልብስ ሰፊው «ልክሽን ልውሰድ» ሲል አንድ ነገር ማለቱ ነው፤ አስተማሪው «ልክ ነሽ» ሲል ሌላ፤ የተቆጣ ሰው «ልክሽን እወቂ!» ብሎ ሲጮኽ ደግሞ ሌላ። ይህች ሦስተኛዋ በተለይ ለሴት ልጅ ስትነገር ኖራለች፤ ትርጉሟም «አትንጠራሪ፣ ቁጭ በይ» ነው። እኔ ግን በዚህች አጭር ጽሑፍ ፊተኛይቱን ትርጉም ላስቀድም እሻለሁ። ልክን ማወቅ የሚጀምረው የገዛ ትከሻን በገዛ ሜትር ከመለካት ነው። እምነቴም ይህ ነው፦ ልብስን ከቅዱ ጀምሮ በቤት መስፋት እንዳይጠፋብን ልንጠብቀው የሚገባ ዕውቀት ነው፤ የሚጠበቀውም ቅዱን በወረቀት ላይ፣ በራሳችን ቋንቋ ስናሰፍረው ነው።

ቅድ ስል የልብሱ እያንዳንዱ ክፍል፣ ፊቱ፣ ጀርባው፣ እጅጌው፣ አንገትጌው፣ በወረቀት ተነድፎና ተቆርጦ የሚገኝበትን ልክ ማለቴ ነው። አንዳንዱ «ንድፍ» ይለዋል፤ የውጭውን ቃል የለመደው ደግሞ «ፓተርን» ይለዋል። ምሳሌ የማደርገውም ተራ ነገር ነው፤ ከትከሻ ጀምሮ ፍስስ የሚል፣ ዘርፈፍ ያለ የሴት ሸሚዝ።

የምኖረው ከመርካቶ ጉያ፣ ጎጃም በረንዳ ነው። መርካቶ ስሙን ያገኘው ከጣልያን መሆኑ የታወቀ ነው፤ ጣልያን በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ከያዘ በኋላ አራዳን ለአውሮፓውያን ከልሎ የአገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ አዞረው። ወራሪው ከአምስት ዓመት በኋላ ሲሄድ ገበያው ቀረ፤ ስሙም ቀረ። የየሰፈሩ ስም ግን የራሳችን ነው። ጎጃም በረንዳ ከዓባይ ማዶ የመጣ ሰው የሚያርፍበትና የሚነግድበት ጥላ እንደነበር ስሙ ራሱ ይናገራል። በመርካቶ በረንዳዎች ሥር በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪና ይዞ የተቀመጠ ልብስ ሰፊ አይታጣም። የገበሬውን ቁምጣ ይሰፋል፤ የተማሪውን ዩኒፎርም ያሳጥራል፤ የተቀደደውን ኮት ገበር ይቀይራል። ቁጥሮችን በአንዲት ደብተር ጥግ ይጽፋል፤ በሳሙና ስባሪ ጨርቁ ላይ በቀጥታ ይነድፋል፤ ይቆርጣል። ወረቀት የሚባል ነገር በመካከሉ የለም። አንድ ጊዜ እኒህን መሰል አዛውንት «ጋሼ፣ ቅዱን የት ነው የሚያስቀምጡት?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ ፈገግ ብለው ግንባራቸውን በጣታቸው ነካ አደረጉ።

መልሱ ግሩም ነው፤ የሚያስፈራም ነው። ግንባር ላይ የተቀመጠ ቅድ ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል። በረንዳዎቹም ለፎቅ ቦታ እየለቀቁ ናቸው። ፎቅ መሠራቱን የምቃወም ሰው አይደለሁም፤ ነገር ግን አንድ በረንዳ ሲፈርስ ከእንጨቱና ከቆርቆሮው ጋር ስንት እጅጌ፣ ስንት አንገትጌ፣ ስንት የትከሻ ስሌት አብሮ እንደሚፈርስ የሚቆጥር የለም።

በሌላው ዓለም የሆነውን እንመልከት። አይዛክ ሲንገር የስፌት መኪናውን የባለቤትነት መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1851 ነው። ከዚያ በኋላ ዐሥራ ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በ1863፣ ኤቤኔዘር በተሪክ የተባለ አሜሪካዊ ልብስ ሰፊ በልክ በልክ የተዘጋጀ የወረቀት ቅድ ለገበያ አቀረበ። መኪናው ፍጥነትን ሰጠ፤ ወረቀቱ ደግሞ በልብስ ሰፊው ግንባር ውስጥ የነበረውን ዕውቀት አውጥቶ ማንበብ ለሚችል ሁሉ አዳረሰው። በጀርመንም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ኤነ ቡርዳ የተባለች ሴት መጽሔት አቋቁማ ከ1952 ጀምሮ ቅድ እያስገባች ለአንባቢዎቿ ትልክ ጀመር። በእኛ አገር «ሲንጀር» የሚለው የፋብሪካ ስም የስፌት መኪና ሁሉ መጠሪያ እስኪመስል ድረስ መኪናው ቤተኛ ሆኗል። ወረቀቱ ግን እንደ መኪናው ቤተኛ አልሆነም። እኔ በእጄ የገቡልኝ ቅዶች ሁሉ በእንግሊዝኛ ወይም በጀርመንኛ የተጻፉ ነበሩ።

ለምን እንዲህ ሆነ? አንዱ ምክንያት ያስመካል። አባቶቻችንና እናቶቻችን ለብዙ ልብሳቸው ቅድ አላስፈለጋቸውም። ነጠላውም ጋቢውም ከሸማኔው እጅ ሲወጣ ልብስ ሆኖ ያለቀ ነው፤ መቀስ አይነካውም። ውበቱም ያለው በአለባበሱ ነው። አራት እጥፍ የሆነው ጋቢ ከትከሻ ላይ ሲወርድ የሚሠራውን እጥፋት ልብስ ሰፊ አልሠራውም፤ ክብደቱ ሠራው። ነጠላን ለቤተ ክርስቲያን መስቀለኛ ማጣፋት፣ ለአክብሮት ማደግደግ፣ ለለቅሶ ጥለቱን ወደ አንገት አዙሮ መልበስ፣ ይህ ሁሉ ጨርቅ ሲፈስ የማንበብ ጥበብ ነው። ዘርፈፍ ያለ ሸሚዝ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም የምለውም ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ግን አያስመካም። በእጁ የሚሠራውን ሰው ስንንቅ ኖረናል። ሸማኔውን፣ ቀጥቃጩን፣ ፋቂውን የሚሳደብ ሰው ስለበዛ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። ብዕር የያዘው እጅና መርፌ የያዘው እጅ ተከባብረው አንድ ገበታ ላይ ስላልቀረቡ፣ የመርፌው ዕውቀት ወደ ብራናውም ወደ ወረቀቱም ሳይሻገር ቀረ። የሴቷ ስፌት ደግሞ «ባልትና» ከሚለው ማጀት ውስጥ ገብቶ ከዕውቀት ሳይቆጠር ቀረ።

አሁን ወደ ሸሚዙ እንምጣ። ብዙ ሰው ሰፊ ልብስ ልክ አያስፈልገውም ብሎ ያስባል። ነገሩ ተቃራኒው ነው። ጠባብ ልብስ ገላን ተደግፎ ይቆማል፤ ዘርፋፋው ግን የሚንጠለጠለው ከትከሻ ብቻ ነው። የትከሻው ልክ በአንድ ሳንቲ ሜትር ከሳተ ጨርቁ ወደ ኋላ ይጎትታል፣ አንገቱ ጉሮሮን ያንቃል፣ እጥፋቱ ያለ ቦታው ይወርዳል። ስለዚህ «ዐሥር ጊዜ ለካ፣ አንድ ጊዜ ቁረጥ» የሚለው ምክር ለልቅ ልብስ ይብሳል።

ጨርቁን ከብትን ጨርቅ ሻጮች ዘንድ ስመርጥ ቀለሙን በመጨረሻ አያለሁ። አስቀድሜ ጫፉን ይዤ አንጠለጥለዋለሁ። እንደ ካርቶን ከቆመ ይቅር፤ እንደ ውኃ ከወረደ ይሁን። ቪስኮስ፣ ክሬፕና ሽፎን ከሚወርዱት ወገን ናቸው። ወርዱ አንድ ሜትር ከአርባ ከሆነ ለአንድ ሸሚዝ ሁለት ሜትር ያህል ይበቃል። ቪስኮስ በውኃ ስለሚገባ ከመቆረጡ በፊት ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በካውያ መተኮስ አለበት። ቅዱን የምነድፈው በቆየ ጋዜጣ ላይ ነው፤ ርእሰ አንቀጹ በእጅጌው ላይ፣ የስፖርቱ ዜና በጀርባው ላይ ያርፋል። ዙሪያውን ሁሉ አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል የስፌት ትርፍ እተዋለሁ። በየክፍሉም ላይ የድሩን አቅጣጫ የሚያሳይ ቀስት አሰምራለሁ፤ ምክንያቱም ጨርቅ በድሩ ሲሰቀል ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ በሰያፍ፣ ማለትም ድርና ማጉን በ45 ዲግሪ ሲያቋርጥ ሲቆረጥ ግን ይለጠጣል፣ ይፈሳል። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ማድሌን ቪዮኔ የተባለች የፓሪስ ልብስ ሰፊ በዚህ በሰያፍ አቆራረጥ ስሟን አስጠርታለች፤ ሙከራዋንም የምታደርገው በትንሽ የእንጨት አሻንጉሊት ላይ ነበር።

የሚያንሸራትት ጨርቅ ሁለት ተደርቦ ሲቆረጥ ይሸሻል፤ ነጠላውን ዘርግቶ በወረቀት ላይ በስፒል ማያያዝ ይሻላል። አንገቱ እንደ ተቆረጠ፣ ሌላው ነገር ሳይጀመር፣ ዙሪያውን አንድ መስመር ስፌት ማስኬድ ያስፈልጋል፤ አለዚያ በእጅ ብዛት ይለጠጣል። መርፌው ቀጭን፣ ቁጥር 70 ይሁን። የጎኑ ስፌት ጥሬ ጠርዙ እንዳይታይ ሁለት ጊዜ ይሰፋል፤ መጀመሪያ በመልካሙ በኩል፣ ትርፉ ከተከረከመ በኋላ ተገልብጦ በውስጥ በኩል፣ ጠርዙ ተቀብሮ እንዲቀር። በሰያፍ የተቆረጠ ሸሚዝ ደግሞ ታችኛው ጠርዝ ከመታጠፉ በፊት አንድ ቀንና ሌሊት ተሰቅሎ ማደር አለበት። ጨርቁ በራሱ ክብደት ይረዝማል፣ አንዱ ወገን ከሌላው ይበልጣል፤ ተስተካክሎ የሚታጠፈው ከዚያ በኋላ ነው። እነዚህ ትእዛዛት ምሥጢር አይደሉም። ሆኖም በአማርኛ ተጽፈው ማን እጅ ላይ አሉ?

«ዝግጁ ልብስ በየሱቁ ሞልቶ ይህ ሁሉ ድካም ለምን?» የሚሉኝ ወዳጆች አሉኝ። ስለ ዋጋ ከሆነ አልከራከርም፤ የጨርቁ፣ የክሩና የጊዜው ዋጋ ሲደመር በቤት የተሰፋው አንዳንዴ ይበልጣል። የእኔ መልስ ስለ ልክ ነው። በዝግጁ ልብስ አንገት ላይ ያለው ቁጥር የማን ልክ ነው? በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1939 እና በ1940 ዐሥራ አምስት ሺህ ያህል ሴቶች ተለክተው ነበር፤ ለስሌቱ የዋለው ግን የነጮቹ ልክ ብቻ ነው። በ1958 በዚያ አገር የወጣው የሴቶች ልብስ ቁጥር ደረጃ መሠረቱ ያ ጥናት ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ቁጥር ተለዋውጧል፤ የእኛን እናቶች ትከሻ ለክቶ የተነሣ ቁጥር ግን እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። ሸሚዙ አልሆን ሲላት «ሰውነቴ ነው ክፉው» የምትል ሴት በየሱቁ አያለሁ። በገዛ እጇ ለክታ የሰፋች ሴት ግን ጥፋቱ የሸሚዙ እንጂ የገላዋ አለመሆኑን ታውቃለች። ይህን ማወቅ በብር አይተመንም።

«ዘመኑ የፋብሪካ ነው» የሚሉም አሉ። እውነት ነው። በ2008 ዓ.ም. በተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ወጣት ሴቶች ለውጭ ገበያ ልብስ ሰፍተዋል። ነገር ግን በፋብሪካ አሠራር አንዷ ቀኑን ሙሉ ኪስ ስትሰፋ፣ አንዷ ቀኑን ሙሉ አንገትጌ ስትሰፋ ትውላለች። ሙሉ ሸሚዝ የማንም እጅ አያውቅም። ቅዱም ከባሕር ማዶ ይመጣል። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከአሜሪካ የአጎዋ ዕድል ስትሰረዝ የጎደለ ሥራ ነበር፤ ከሥራዋ የተለየች ልጅ ወደ ቤቷ ይዛ የምትሄደው የአንድ ኪስ ዕውቀት ነው። ቅድ ማውጣት አብራ ተምራ ቢሆን ኖሮ አንድ መኪና ተከራይታ አንድ በረንዳ ላይ ልትቀመጥ በቻለች። ፋብሪካውን አልነቅፍም፤ ደመወዝ የከፈለ ቤት ነው። የምለው ኪስና አንገትጌን የሚያገናኘው ወረቀት በእጃችን ይግባ ነው።

ሦስተኛው ወቀሳ ይበልጥ ይከብደኛል፦ «ሁሉም በቤቱ ከሰፋ የበረንዳው ሰው ምን ይብላ?» ይላል። እኔ እንዳየሁት ግን በቤቷ የምትሰፋ ሴት የልብስ ሰፊውን ደጅ ከማንም ይልቅ ትረግጣለች። ለማዘምዘም ትሄዳለች፣ ለቁልፍ ቀዳዳ ትሄዳለች፣ ለምክር ትሄዳለች። የሥራውን ክብደት ስለምታውቅም በዋጋ አትነዘንዝም። የበረንዳውን ሰው እንጀራ የሚነሣው ጥበቡን የማያውቅ ደንበኛ ነው፤ እርሱ «ይህችን ለመስፋት ይህን ያህል?» እያለ ይጨቃጨቃል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለን፤ በየከተማውም የሙያ ማሠልጠኛዎች አሉ። ተማሪዎቻቸው ደብተርና ሜትር ይዘው ወደ በረንዳዎቹ ይውረዱ፤ ከአዛውንቶቹ ግንባር ላይ ያለውን ቅድ፣ በአዛውንቶቹ ስም፣ ወደ ወረቀት ያሻግሩ። ቃላቱ አሉን፤ ድር፣ ማግ፣ ሰያፍ፣ ሽክሽክ፣ ገበር፣ ትርፍ፣ ዘርፍ። መዝገበ ቃላት እስኪወጣ መጠበቅ አያስፈልግም። እኛ ብዕር የምንወድ ሰዎችም ድርሻ አለን። ስለ ፍቅርና ስለ ናፍቆት የምንጽፈውን ያህል ባይሆን እንኳ፣ እናታችን እጅጌ እንዴት እንደምትገጥም አንድ ገጽ ብንጽፍ ሥነ ጽሑፋችን አያንስም።

እኔ የሸሚዙን ቅድ በጋዜጣው ላይ ስነድፍ በየክፍሉ ኅዳግ ስሙን፣ ልኩን፣ የድሩን አቅጣጫና የስፌቱን ተራ በአማርኛ እጽፋለሁ። የጎረቤት ልጆች እየመጡ ይገለብጡታል፤ የየራሳቸውን የትከሻ ልክም ከእኔ ቁጥር አጠገብ ይጽፋሉ። አንባቢዬ፣ በቤትሽ ወይም በቤትህ ያለች መርፌ የምታውቅ እጅ ካለች፣ ሳትደክም ጠይቋት፣ ጻፉላት።