ነጥብ ቆጣሪዎችና ያልተቆጠሩት

በጋአን ሊባህ ሻይ ቤቶች ውስጥ የሚካሄደውን ሙግት ታውቁታላችሁ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ግንበኛውም፣ ምግብ አብሳዩም፣ ከወጫሌ የተመለሰው ነጋዴም በአንድ አግዳሚ ላይ ይቀመጣል። ሻዩ ይቀዳል፤ ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ቀድሞ ስለ እግር ኳስ ብቻ የነበረው ክርክር ዛሬ ወደ አሜሪካ የሴቶች ቅርጫት ኳስም ተሻግሯል። ይህ በራሱ ደግ ነገር ነው፤ ሴት ልጅ ስለ ላቧና ስለ ችሎታዋ ስትነሣ መስማት አያስከፋም። ይሁን እንጂ ይህ ጽሑፍ ምስጋና ሳይሆን ክስ ይዞ ቀርቧል።

ክሱም ይህ ነው፦ አንዲትን ተጫዋች ለመመዘን የምናውቀው ጥያቄ አንድ ብቻ ሆኗል። «ስንት አገባች?» እንላለን። ብዙ ካገባች ንግሥት ናት፤ ካላገባች ከንቱ።

ይህ ልማድ ከየት እንደ መጣ መገመት አይከብድም። እኛ የሯጮች አገር ልጆች ነን። ደራርቱ ቱሉ በ1992 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በባርሴሎና በ10,000 ሜትር ወርቅ ስታጠልቅ፣ ትዕግሥት አሰፋም በ2023 በበርሊን ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ስትጨርስ፣ ሰዓቱ ተናገረ፤ ተከራካሪውም ዝም አለ። በሩጫ አንድ ቁጥር ለፍርድ ይበቃል። ቅርጫት ኳስ ግን የአምስት ሰው ሥራ ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው የአባቶች አነጋገር ከዚህ የተሻለ ቦታ አያገኝም።

ቁጥር ለሚወዱ በቁጥር እንመልስ። በ2023 የሲያትል ስቶርሟ ጁወል ሎይድ በአንድ የውድድር ዘመን 939 ነጥብ አስቆጥራ በሴቶቹ ሊግ እስከዚያ ድረስ ያልታየ ክብረ ወሰን ያዘች። ቡድኗስ? ከ40 ጨዋታ 11 አሸንፎ በ29ኙ ተሸነፈ። ከዚያም አልፎ፣ ቀድሞ ክብረ ወሰኑን የያዘችው ዳያና ታውራሲ በ2006 ያስቆጠረችው 860 ነጥብ በ34 ጨዋታ ብቻ የተገኘ ነበር። በአማካይ ሲሰላ ታውራሲ 25.3፣ ሎይድ 24.7 ይሆናል። እንግዲህ በድምሩ የበለጠችው በአማካዩ አንሳ ተገኘች ማለት ነው። የትኛዋ ትበልጣለች? «ስንት አገባች» የሚለው ጥያቄ «በስንት ጨዋታ» ካልተባለበት ግማሽ ጥያቄ ነው።

በ2024 የላስ ቬጋስ ኤስሷ ኤጃ ዊልሰን በድምርም በአማካይም ሁሉንም በለጠች፤ 1,021 ነጥብ፣ በጨዋታ 26.9። የዓመቱ ኮከብነትም ያለ አንድ ተቃውሞ ተሰጣት። ዋንጫውን ግን አልወሰደችም፤ ቡድኗን በግማሽ ፍጻሜ ያሰናበተው ኒው ዮርክ ሊበርቲ ሻምፒዮን ሆነ። ሊበርቲ ሚኒሶታ ሊንክስን በተጨማሪ ሰዓት 67 ለ62 ባሸነፈበት በአምስተኛውና በወሳኙ ጨዋታ፣ የቡድኑ ኮከብ ሳብሪና አዮኔስኩ 19 ጊዜ ወርውራ ያስገባችው 1 ብቻ ነበር። በእኛ ሻይ ቤት ሚዛን አዮኔስኩ የዚያን ሌሊት መዓት ናት። ነገር ግን ሻምፒዮን ሆና ከሜዳ ወጣች። ኳስ ማቀበሉ፣ ከቅርጫቱ ነጥሮ የተመለሰውን ኳስ መንጠቁ፣ ተቃራኒን ማፈኑ፣ በማግባት የማይታየው ሥራ ሁሉ ከሜዳው አልጠፋም ነበርና።

በ2025 ደግሞ ኤስስ በነሐሴ መጀመሪያ በሚኒሶታ 111 ለ58 ተዋረደ። የ53 ነጥብ ልዩነት! በዚያ ምሽት መዝገቡን ብቻ ያየ ሰው «ይህ ቡድን አብቅቶለታል» ቢል ማን ይፈርድበታል? ቡድኑ ግን ከዚያ በኋላ የቀሩትን 16 የመደበኛ ውድድር ጨዋታዎች በሙሉ አሸንፎ ዋንጫውን አነሣ። ዊልሰን በዚያ ዓመት በአማካይ ያስቆጠረችው ከ2024ቱ ያነሰ ነበር። አነስ ያለ ነጥብ፣ ከፍ ያለ ማዕርግ!

«እንግዲያው ቁጥር ይቅር ነው የምትለው?» የሚለኝ አይጠፋም። በፍጹም! ቁጥርን የሚያዋርደው የሚቆጥር ሰው አይደለም፤ ጎደሎ አድርጎ የሚያነብ ነው። «የሴቶቹ ጨዋታ ነጥቡ ትንሽ ነው፤ የወንዶቹን የሚያህል አይደለም» የሚለውን የዘወትር ንግግር እንመልከት። በአሜሪካ የወንዶች ሊግ አንድ ቡድን በጨዋታ በአማካይ ወደ 114 ነጥብ ያስቆጥራል፤ በሴቶቹ ወደ 82። ልዩነቱ 32 ነው። ነገር ግን ወንዶቹ 48 ደቂቃ ሲጫወቱ ሴቶቹ 40 ደቂቃ ይጫወታሉ። የሴቶቹን በ48 ደቂቃ ብናሰላው ወደ 98 ይደርሳል፤ ከልዩነቱ ግማሽ ያህሉ የሰዓት እንጂ የችሎታ አልነበረም። ሚዛኑን ሳያስተካክል ዕቃ የሚመዝን ነጋዴ በገበያ ምን እንደሚባል ሁላችንም እናውቃለን።

እስካሁን የተናገርኩት ስለ ሩቁ ነው። አሁን ወደ ደጃችን እንመለስ፤ ዋናው ክስ ያለው እዚህ ነውና።

የኤጃ ዊልሰንን አማካይ እስከ ነጥብ ክፋይ የምናውቅ እኛ፣ በዚህ በሐርጌሳ ከግንብ አጥር ጀርባ ኳስ ስለሚያነጥሩት ልጆች ምን እናውቃለን? ምንም። የሶማሊያ ሴቶች ብሔራዊ ቡድን በ2011 ለዶሐው የዓረብ ጨዋታዎች ሲዘጋጅ፣ ልጆቹ የግድያ ዛቻ እየደረሳቸው በሞቃዲሾ በፖሊስ ግቢ ውስጥ ይለማመዱ ነበር። ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽንም ቢሆን እስከ 2017 ድረስ ሒጃብ ለባሽን ከሜዳው ከልክሎ ቆይቷል። ቢልቂስ አብዱልቃድር የቅርጫት ኳስ በተፈለሰፈባት በስፕሪንግፊልድ ከተማ አድጋ፣ በሁለተኛ ደረጃ ተማሪነቷ 3,070 ነጥብ በማስቆጠር በማሳቹሴትስ ከወንድም ከሴትም የሚስተካከላት አጥታ ነበር። በባሕር ማዶ በሙያው ልትቀጥል ስትል ግን በሩን የዘጋባት ይኸው ሕግ ነው። 3,070 ነጥብ አንድን መሸፈኛ ማለፍ ካልቻለ፣ «ስንት አገባች» ብቻውን ምን ይፈይዳል?

«ይህ የባህልና የሃይማኖት ጉዳይ ነው፤ እኛ እንግዶች ነን» የሚል ወንድም ይኖራል። ትክክል ነው፤ እንግድነታችንን አልዘነጋሁም። አጥሩ ይፍረስ፣ ወንዶች ገብተው ይመልከቱ የሚል ቃልም ከአፌ አልወጣም። ነገር ግን አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። በ1893 በአሜሪካ በስሚዝ ኮሌጅ ሰንዳ በረንሰን የተባለች መምህርት የመጀመሪያውን የኮሌጅ ሴቶች ግጥሚያ ስታካሂድ፣ ወንድ ተመልካች እንዳይገባ ተከልክሎ በሩ ተዘግቶ ነበር። ውጤቱ ግን 5 ለ4 እንደ ነበር ዛሬም ድረስ እናውቃለን። ለምን? ከተዘጋው በር ውስጥ የጻፈ ሰው ስለ ነበረ ነዋ! የዛሬዎቹ 1,021 ነጥቦች የተተከሉት በዚያች 5 ለ4 ላይ ነው። አጥር ጨዋታን ይሸፍናል እንጂ አያጠፋም፤ የሚያጠፋው አለመመዝገብ ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። በማኅበረሰባችን ውስጥ ልጆቻቸውን ከትምህርት በኋላ ኳስ የሚያስነጥሩ እናቶችና እኅቶች አሉ። ከእነርሱ አንዷ ደብተርና እርሳስ ትያዝ። ማን እንዳገባች ብቻ ሳይሆን ስንት ጊዜ እንደ ወረወረች፣ ለማን እንዳቀበለች፣ ማን ኳስ እንደ ነጠቀች፣ ስንት ደቂቃ እንደ ተጫወተች ትጻፍ። አባቶች ደግሞ የደብተሩንና የኳሱን ዋጋ ይክፈሉ፤ የአንድ ሳምንት ሻይ ቢያስቀር ነው። ልጅቱ ማታ ቤት ስትገባም «ስንት አገባሽ?» ከማለት በፊት «ዛሬ ለማን አቀበልሽ?» ብለን እንጠይቃት።

ጋአን ሊባህ ማለት በሶማሊኛ የአንበሳ እጅ ማለት ነው። በዚህ ስም በሚጠራ ሰፈር ተቀምጦ የሩቁን ሰው ነጥብ በጣቱ የሚቆጥር፣ የራሱን ልጅ ግን የማይቆጥር አባት፣ በነገው ምሽት ሙግት ላይ ድምፁን ከፍ ከማድረጉ በፊት እስቲ ጥቂት ይሰብ።