ወፍራም ሰው ሞተር አይነዳም ያለው ማነው?

በዚህ አገር ሞተር ሲሸጥ የሚነሱት ጥያቄዎች ሁለት ናቸው። ስንት ሲሲ ነው? በሊትር ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል? በቃ! ገዢው ስንት ኪሎ እንደሆነ፣ እግሩ መሬት ይርገጥ አይርገጥ የሚጠይቅ ሻጭ እስካሁን አልገጠመንም። መቶ ኪሎ ያለፈ ሰው ሱቁ ደጃፍ ሲደርስ ደግሞ የሚጠብቀው ወይ ሳቅ ነው፣ ወይ «አንተማ ትልቅ ሲሲ ነው የሚሆንህ» የሚል የአዋቂ ምክር።

ሁለቱንም አንቀበልም።

ሳቁን እናስቀድም። ገጠር ውስጥ አንዲት 100 ሲሲ ሞተር አባት፣ እናትና ልጅ፣ አንዳንዴም በግ ተጨምሮባት ስትሄድ የሚስቅ የለም። ከተማ ውስጥ 70፣ 70 ኪሎ የሆኑ ሁለት ጎረምሶች ተፈናጥጠው ሲያልፉ ሞተሩ 140 ኪሎ ተሸክሟል፤ ማንም ዞር ብሎ አያያቸውም። ብቻውን የተቀመጠ የ120 ኪሎ ሰው ግን ሰፈሩን ሁሉ ያስቃል። እና የሚያስቀው ክብደቱ ነው ወይስ ሰውየው? (መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን።)

ምክሩ ከሳቁ ይብሳል፤ ምክንያቱም ሰው ይጎዳል። ሲሲ ማለት ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ቦታ ስፋት ነው፤ ሰው አይሸከምም። የሚሸከሙት ሻንሲው፣ አሞርዛተሩና ጎማው ናቸው፤ የሚያቆመው ፍሬኑ ነው። በሞተሩ መመሪያ መጽሐፍ ውስጥ ከፍተኛ ጭነት የሚል ቁጥር አለ። ያ ቁጥር ነጂውን፣ የተፈናጠጠውን፣ ዕቃውን፣ ኋላ ላይ ያሳሰርነውን ሳጥን ሁሉ ይጨምራል። ጎማው ጎን ላይም ትንሽ ኮድ ተጽፋለች፤ 50 ካለ አንዱ ጎማ የሚችለው 190 ኪሎ ነው፣ 62 ካለ 265። የነጂው ክብደት በአብዛኛው የሚያርፈው ኋላ ጎማ ላይ መሆኑን ልብ በሉ። ይህን የሚነግራችሁ ሻጭ ካገኛችሁ ቡና ጋብዙት።

ደግሞስ ትልቅ ሰው ሲባል የቱ ነው? ረጅሙ ነው ወፍራሙ? ረጅሙን ዝቅ ያለ ሞተር ላይ ብታስቀምጡት ጉልበቱ መሪው ጋ ይደርሳል። አጭርና ወፍራሙን ከፍ ያለ ላይ ብታወጡት መብራት ላይ በእግሩ ጣት ቆሞ ይንቀጠቀጣል። ሲሲው ይህን አይነግራችሁም። 411 ሲሲ የነበረው የሮያል ኤንፊልድ ሂማላያን ወንበሩ ከመሬት 80 ሳንቲ ሜትር ነው፤ የቀድሞው የሆንዳ ሲአርኤፍ 250 ኤል ግን 87.5! ስፖርት መሳይዋ ደግሞ፣ ያቺ ጎረምሳ ሁሉ የሚመኛት፣ ወደፊት አጎንብሳችሁ ክብደታችሁን አንጓችሁ ላይ ትጥለዋለች።

ሲሲ ዋጋ የለውም አላልንም። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። እንጦጦ ዳገት ላይ 100 ሲሲዋ ማልቀሷ አይቀርም። ግን ዳገት መውጣትና ቁልቁለት ላይ በደህና መቆም ለየቅል ናቸው፤ እኛ ይበልጥ የሚያሳስበን ቁልቁለቱ ነው። ስለዚህ ቢያንስ የፊቱ ዲስክ ፍሬን ይሁን። የኤሌክትሪክ ሞተር ሻጭም «በአንድ ቻርጅ ይህን ያህል ይሄዳል» ሲላችሁ ስንት ኪሎ ሰው ተቀምጦ እንደተለካ ጠይቁት። ዝም ይላል።

አሞርዛተሩን ራሳችሁ ፈትኑ። ጓደኛችሁ ሞተሩን ይደግፍላችሁና ተቀመጡ። የኋላው ከጠቅላላ መውረጃው ከሲሶ በላይ ከሰመጠ ሞላውን ማጥበቅ ያስፈልጋል፤ መጨረሻ ድረስ ጠብቆም ከሰመጠ ሞላው ይቀየር ወይም ሞተሩ ይቅር። የጎማውን ንፋስም መመሪያው ለሁለት ሰው ባስቀመጠው ልክ አስሞሉ።

ይሄ ቅብጠት አይደለም። ለዴሊቨሪ ሠራተኛ ሞተር እንጀራ ነው፤ ቀኑን ሙሉ የማይመጥነው ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚውለው እሱ ነው እንጂ የሚስቀው አይደለም። ስለዚህ ከመክፈላችን በፊት እንቀመጥበታለን፤ መመሪያውን አስወጥተን ቁጥሩን እናነባለን። ሻጩ «ወንበሩ ይበላሻል፣ አትቀመጡበት» ካለ ጎረቤቱም ሞተር ይሸጣል።