ረጅም ጀርባ፣ አጭር እግር

ባለፉት ወራት ስለ ቤት በጀትና ስለ ልጆች ምሳ ዕቃ ስናወራ ቆይተናል። የዚህ ወር ጉዳያችን ደግሞ ከሥራ ስትገቡ በር ላይ ጭራውን እየቆላ የሚቀበላችሁ የቤተሰብ አባል ነው።

የእኛው ቦቢ ይባላል። አምስት ዓመቱ ነው። ዝርያው ዳክስሁንድ ይባላል፤ የሰፈር ልጆች ግን «ቋሊማው» ይሉታል። አንድ ሐሙስ ማታ ቤት ስገባ ቦቢ በር ላይ የለም። ሳሎን ጥግ ጀርባውን አጉብጦ፣ እየተንቀጠቀጠ ቆሟል። ልጄ ልታቅፈው ስትል ጮኸ። «ማሚ፣ ቦቢ አኮረፈኝ» አለችኝ። እግሩን ወለም ብሎት ይሆናል ብዬ ተኛሁ። ዓርብ ቀኑን ሙሉ ስብሰባ ነበረኝ። ቅዳሜ ጠዋት የኋላ እግሮቹ እንደ ሰከረ ሰው እየተጠላለፉ ሲወድቅ አየሁት።

ደንግጬ እኔ ለወገቤ የምውጠውን የሕመም ማስታገሻ ግማሹን ሰብሬ በሥጋ ልጠቀልልለት ስል ባለቤቴ እጄን ያዘኝ። «መጀመሪያ ለሐኪም ደውዪ» አለኝ። እንኳንም ያዘኝ። እንደ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ያሉ የሰው መድኃኒቶች የውሻን ጨጓራ ሊያቆስሉ፣ ኩላሊቱን ሊጎዱ ይችላሉ። ከዚህም ሌላ ሐኪሙ በኋላ ሊያዝለት ከሚፈልገው መድኃኒት ጋር ሊጋጩ ይችላሉ።

ነገሩ ከጀርባ ነው

ሐኪሙ ቦቢን አቁሞ የኋላ መዳፉን ገለበጠና በጀርባው በኩል ጠረጴዛው ላይ አሳረፈው። ጤነኛ ውሻ እግሩን ወዲያው ያስተካክላል። ቦቢ ዘገየ። ሐኪሙ ቀና ብሎ «የኔ እህት፣ ይሄ የእግር ሕመም አይደለም፤ የዲስክ ነው» አለኝ።

የዳክስሁንድ አገሩ ጀርመን ነው። ስሙም በጀርመንኛ «የባጀር ውሻ» ማለት ነው፤ ባጀር የተባለውን አውሬ ጉድጓዱ ድረስ ገብቶ እንዲያድን ተብሎ የተዳቀለ ነው። ጀርመኖች በጣም ከመውደዳቸው የተነሳ የ1972ቱ የሙኒክ ኦሊምፒክ ምልክት «ዋልዲ» የተባለ ዳክስሁንድ ነበር። የማራቶኑ መንገድም የዋልዲን ቅርጽ እንዲይዝ ተደርጎ ነበር የተነደፈው። የእኛው ማሞ ወልዴ የነሐስ ሜዳሊያ ያገኘው በዚያ ውድድር ነው።

ውሻውን ጉድጓድ ውስጥ ያስገቡት አጫጭር እግሮች ግን ዋጋ አስከፍለውታል። እግሩን ያሳጠረው የዘር ለውጥ የአከርካሪውን ዲስኮችም ያለ ዕድሜያቸው ያስረጃል። ዲስክ በአከርካሪ አጥንቶች መካከል እንደ ትራስ የሚያገለግል ነገር ነው፤ ውጩ ጠንካራ፣ ውስጡ ለስላሳ ነው። በዳክስሁንድ ላይ ለስላሳው ክፍል ገና በልጅነቱ ይደርቃል፣ ይጠነክራል። ከዚያ አንድ ቀን ከሶፋ ሲዘል፣ አንዳንዴም ያለ ምንም ምክንያት፣ ከቦታው ይወጣና ኅብለ ሰረሰርን ይጫናል። ከአምስት ወይም ከአራት ዳክስሁንዶች አንዱ በሕይወቱ ይህ ችግር እንደሚገጥመው ይገመታል። በብዛት የሚታየው ደግሞ ከ3 እስከ 7 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው።

ሐኪሞች ምን ያደርጋሉ?

ሐኪሞች ሕመሙን በአምስት ደረጃ ይከፍሉታል። የመጀመሪያው ሕመም ብቻ ያለበት ነው። ሁለተኛው እየተንገዳገደም ቢሆን የሚራመድበት፣ ሦስተኛው መራመድ የሚያቅተው ነው። በአራተኛው የኋላ እግሮቹን ጨርሶ ማንቀሳቀስ አይችልም። በአምስተኛው ጣቱን አጥብቀው ቢቆነጥጡትም አይሰማውም።

መራመድ ለሚችለው ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው የእብጠትና የሕመም መቀነሻ መድኃኒት ከጥብቅ ዕረፍት ጋር ነው። መራመድ ላቃተው ቀዶ ሕክምና ይመከራል። ቦታውን በትክክል ለማየት ኤምአርአይ ወይም ሲቲ ስካን ያስፈልጋል፤ ተራ ራጅ ኅብለ ሰረሰሩን አያሳይም። የጣቱ ስሜት ሳይጠፋ ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው ከ10 ውሾች 8 ወይም 9ኙ ተመልሰው ይራመዳሉ። ስሜቱ ከጠፋ ግን ዕድሉ ወደ ግማሽ ገደማ ይወርዳል። ስለዚህ ውሻችሁ እግሩን ከሳበ ወይም ሽንቱን መቆጣጠር ካቃተው «እስከ ሰኞ እንየው» አትበሉ። በዚያው ቀን ውሰዱት።

ቦቢ ሁለተኛው ደረጃ ላይ ነበር። ስድስት ሳምንት ሙሉ፣ ለሽንት በማሰሪያ ተይዞ ከመውጣት በቀር፣ ጠባብ አጥር ውስጥ እንዲተኛ ተፈረደበት። ከባዱ ሥራ የሐኪሙ ሳይሆን የእኛ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት መድኃኒቱ ሕመሙን ሲያስታግስለት ልጄ «ድኗል እኮ፣ እንፍታው!» ብላ አለቀሰች። አደገኛው ጊዜ ያ ነው። ሕመሙ ጠፋ ማለት ዲስኩ ጠገገ ማለት አይደለም። ማታ ማታ ከአጥሩ አጠገብ ፍራሽ ዘርግታ ተረት ታነብለት ጀመር።

ሌሎች ልብ የምትሏቸው ነገሮች

ክብደት፦ ለረጅም ጀርባ እያንዳንዱ ትርፍ ኪሎ ሸክም ነው። ጎኑን ስትዳብሱት የጎድን አጥንቱ በቀላሉ ሊሰማችሁ፣ ከላይ ስታዩት ወገቡ ሊለይ ይገባል።

የበዓል ምግብ፦ የወጣችን ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያጠፋል። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል። ቸኮሌትና ዘቢብም ለውሻ መርዝ ናቸው። እንግዶቻችሁን ቀድማችሁ አስጠንቅቁ።

ጥርስ፦ በትንንሽ ውሾች ላይ የድድ በሽታ የተለመደ ነው። ለውሻ በተሠራ የጥርስ ሳሙና ቦርሹት። የሰው ሳሙና አይሆንም።

ዓይን፦ በጨለማ ከዕቃ ጋር መጋጨት ከጀመረ በዘር የሚተላለፍ የዓይን በሽታ ሊሆን ስለሚችል አስመርምሩት። ዝንጉርጉር ቡችላ የምትገዙ ከሆነ ደግሞ ሁለቱም ወላጆቹ ዝንጉርጉር አለመሆናቸውን ጠይቁ። ከሁለት ዝንጉርጉሮች የሚወለዱ አንዳንድ ቡችሎች ማየት ወይም መስማት የተሳናቸው ይሆናሉ።

አያያዝ፦ ስታነሱት አንድ እጃችሁ ደረቱን፣ ሌላው መቀመጫውን ይደግፍ፤ ጀርባው ቀጥ ይበል። በአንገቱ ፋንታ ደረቱን በሚይዝ ማሰሪያ አንሸራሽሩት። ለሶፋና ለአልጋ የማያንሸራትት መወጣጫ አዘጋጁለት።

ሙያዬ ማርኬቲንግ ነው። ማሸጊያ እንዴት ሰውን እንደሚያማልል ከኔ በላይ ማን ያውቃል? ሆኖም ቦቢን ስገዛ ያየሁት ማሸጊያውን ብቻ ነበር። መኪና ስንገዛ ስለ መለዋወጫው እንጠይቃለን፤ ሕይወት ያለው ነገር ስንገዛ ግን እንረሳለን። ዳክስሁንድ ብልህ፣ ደፋርና ታማኝ ነው። አትግዙ አልላችሁም፤ ስለ ወላጆቹ ጀርባ ሳትጠይቁ፣ ለሕክምና የሚሆን ገንዘብም ሳታስቀምጡ ግን አትግዙ።

ቦቢ ዛሬ ይራመዳል። ሲዞር የግራ የኋላ እግሩ ትንሽ ይዘገያል። ልጄ ማንም እንግዳ ጫማውን ከማውለቁ በፊት «በሁለት እጅ ነው የሚነሳው!» ትላለች።

በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ።