ለልጅዎ «ያድግበታል» ብለው ሳይክል አይግዙ

ጫማና ዩኒፎርም አንድ ቁጥር ከፍ አድርጎ መግዛት የተለመደ ነው። እጅጌው ቢረዝም ይታጠፋል። ሳይክል ግን አይታጠፍም። በተለይ ማውንቴን ሳይክል ይዞ ኮረኮንችና ቁልቁለት ለሚወርድ ልጅ፣ የተለቀ ሳይክል አደጋ ነው።

ሳይክል የሚመረጠው በዕድሜ ሳይሆን በቁመትና በእግር ርዝመት ነው። ስለዚህ ልጅዎን ይዘው ሄደው እነዚህን ይመልከቱ፦

✅ ከመቀመጫው ወርዶ ብረቱን በእግሮቹ መሃል አድርጎ ሲቆም ሁለቱም እግሮቹ መሬት ይርገጡ፤ ብረቱም ብሽሽቱን አይንካ።

✅ ጣቶቹ ሳይንጠራሩ ፍሬኑን ይያዙ፤ ጨብጦም ማቆም ይቻል።

✅ ሳይክሉ ቀላል ይሁን። 20 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ 12 ኪሎ ሳይክል ከክብደቱ ግማሽ በላይ ነው። የኋላ ሞላ ለትንሽ ልጅ ጥቅሙ ትንሽ ነው፤ ክብደት ግን ይጨምራል።

✅ የመሪው ጫፎች በጎማ የተሸፈኑ ይሁኑ። ልጁ ሲወድቅ መሪው ሆዱን ከመታው ጉበት፣ ጣፊያ ወይም ቆሽት ሊጎዳ ይችላል፤ ከላይ የሚታየው ግን ትንሽ ሰንበር ብቻ ሊሆን ይችላል። ከዚያ በኋላ የሆድ ሕመም ወይም ትውከት ካለ ሳይዘገዩ ወደ ሕክምና ይውሰዱት።

«ታዲያ በየጊዜው ልገዛ ነው?» ይሉኝ ይሆናል። ዛሬ ልክ የሆነ፣ መቀመጫው ከፍ ሊል የሚችል፣ በደህና የተያዘ ያገለገለ ሳይክል ይበቃል። ሲያጥረው ለታናሹ ይተላለፋል ወይም ይሸጣል። በተረፈው ገንዘብ ልኩ የሆነ ሄልሜት ይግዙለት፤ ከቅንድቡ ሁለት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ይቀመጥ፣ ማሰሪያውም አገጩ ስር ይታሰር።

ሳይክሉ የሚሆነው ለዛሬው ልጅዎ እንጂ ለከርሞው አይደለም።