«እየተሹለከለኩ አስቸገሩን» ለተባለው የተሰጠ መልስ



ባለፈው ሳምንት በዚህ ሰሌዳ ላይ «ብስክሌተኞች በመኪና መሃል እየተሹለከለኩ አስቸገሩን» በሚል ርዕስ የተለጠፈውን ጽሑፍ ያላነበበ ያለ አይመስለኝም። ያላነበበውም ቢሆን ከሱቁ ደጃፍ ሲወራ ሰምቶታል። ጽሑፉ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ብስክሌት የያዘ ሁሉ መኪና በተሰለፈበት መንገድ ላይ እንደ መኪና ተራውን ጠብቆ ይቁም ይላል። ቀጥሎም ይህን የማያደርግ ዕቃ አድራሽ ከሰፈራችን በር ላይ በጥበቃዎች እንዲመለስ ማኅበሩ ይወስን ይላል። ጉዳዩ ለፊታችን እሑድ ስብሰባ በአጀንዳ ስለ ተያዘ አንድ ወገን ብቻ ተናግሮ ሌላው ዝም ሊል አይገባም።

በመጀመሪያ ነገሩን በስሙ እንጥራው። ለመሆኑ መሹለክለክ ማለት ምንድነው? የጽሑፉ ባለቤት ሁለት ፈጽሞ የማይገናኙ ነገሮችን አንድ ላይ ጠቅልለው አቅርበዋል። አንደኛው፣ መብራት ይዟቸው ወይም መንገዱ ተዘግቶ በቆሙ መኪኖች አጠገብ ቀስ ብሎ ማለፍ ነው። ሌላው፣ በሚሮጡ መኪኖች መካከል እየተጠማዘዙ መብረር ነው። ሁለተኛውን የሚደግፍ ጤነኛ ሰው የለም፤ እኔም አልደግፈውም። ግን በሁለተኛው ጥፋት ምክንያት የመጀመሪያው ይከልከል ማለት አንድ ሾፌር ሰክሮ ስለ ነዳ መኪና ሁሉ ይቁም እንደ ማለት ነው። ይህን ደግሞ እርሳቸው ራሳቸው አይቀበሉትም፤ ሁለት መኪና አላቸውና!

መለኪያ ይዘን እንነጋገር። አንድ የመኪና መስመር ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 3.5 ሜትር ይሰፋል። አንዲት የቤት መኪና ወደ 1.8 ሜትር ትይዛለች። እንግዲህ ጎን ለጎን በቆሙ ሁለት መኪኖች መካከል ከ1.2 እስከ 1.7 ሜትር ባዶ ቦታ ይቀራል ማለት ነው። የብስክሌት መሪ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቢለካ ከ60 እስከ 70 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ታዲያ ማንም የማይጠቀምበት ይህ ቦታ እያለ ልጁ ከአውቶቡስ ጭስ ማውጫ ሥር ቆሞ ይጠብቅ የሚባለው ለማን ጥቅም ነው? ለሾፌሩ እንኳ አይጠቅምም። ብስክሌተኛው እንደ መኪና ተሰልፎ ቢቆም፣ መብራቱ ሲለቅ ከኋላው ያለው ሁሉ እርሱ ዳገቱን ፔዳል እየረገጠ እስኪወጣ ሊከተለው ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ የምትገኝ፣ ሜዳዋ ጥቂት የሆነች ከተማ ናት። ከሰፈራችን ወደ መገናኛ በሚወስደው ዳገት ላይ በየመኪናው ፊት አንድ ብስክሌተኛ ይቁም ብለን ብንወስን፣ መጀመሪያ ክላክስ የሚያስጮኸው ማን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን።

«ብስክሌት ተሽከርካሪ ከሆነ እንደ ተሽከርካሪ ይቁም» የሚለው አባባል ሲሰሙት ጆሮ ይገባል። እርግጥ ነው፣ በአገራችን የትራንስፖርት አዋጆች ብስክሌት ከተሽከርካሪ ዓይነቶች አንዱ ሆኖ ተቆጥሯል። ቀይ መብራት ለእርሱም ቀይ ነው፤ የእግረኛ ማቋረጫም ለእርሱም ማቋረጫ ነው። ይሁን እንጂ ተሽከርካሪ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው ያለ ማነው? ጋሪና ተሳቢ ያለው ከባድ መኪናም ተሽከርካሪ ናቸው፤ በአንድ ዓይነት ግን አይነዱም። ነገሩን አስቀድመው ያሰቡበት አገሮች በደንባቸው ጽፈውታል። የጀርመን የመንገድ ትራፊክ ደንብ በአንቀጽ 5፣ በቂ ቦታ እስካለ ድረስ ብስክሌተኛ በቀኝ መስመር ላይ ቆመው የሚጠብቁትን መኪኖች በመጠነኛ ፍጥነትና በልዩ ጥንቃቄ በቀኛቸው በኩል ማለፍ እንደሚችል ይናገራል። እ.ኤ.አ. በጥር 2022 የተሻሻለው የእንግሊዝ የመንገድ መመሪያም ብስክሌተኛ ቀስ የሚሉትን ወይም የቆሙትን በቀኝም በግራም ሊያልፍ ይችላል፤ ነገር ግን ሾፌሩ ላያየው ስለሚችል ይጠንቀቅ ይላል። (እንግሊዞች የሚነዱት በግራ ስለሆነ ቀኝና ግራውን ገልብጦ ማንበብ ነው። እኛም እስከ 1956 ዓ.ም. በግራ ነበር የምንነዳው፤ አዛውንቶቻችን ያስታውሱታል።) የጀርመንም የእንግሊዝም ደንብ የኢትዮጵያ ሕግ አይደለም። ሆኖም «በሠለጠነ አገር እንዲህ ያለ ነገር የለም» ተብሎ በሰሌዳችን ላይ የተጻፈው ፍጹም ስህተት መሆኑን ያሳያል።

እዚህ ላይ ሳይጠቀስ የማይታለፍ ሌላ መምታታት አለ። ጽሑፉ በ2011 ዓ.ም. ከተማው የግል ሞተር ብስክሌት እንዳይንቀሳቀስ መከልከሉን ጠቅሶ «ብስክሌትም እንዲሁ» ይላል። ኧረ እንዴት ተደርጎ! ያ እገዳ የወጣው በሞተር ይፈጸም በነበረ ዝርፊያና ወንጀል ምክንያት ነው እንጂ በመኪና መሃል በማለፍ አይደለም። እግር የሚያዞረውን ፔዳል ከሞተር ጋር አንድ ማድረግ ወይ አለማወቅ ነው፤ ወይ ደግሞ አውቆ ማደናገር ነው።

አሁን ወደ አደጋው እንምጣ፤ ዋናው ነገር ይኸው ነውና። ይህን ክፍል ከሾፌሮች ይልቅ ወጣቶቹ ልብ ብለው እንዲያነቡት እፈልጋለሁ።

በቀኝ በኩል ማለፍ በኛ ከተማ የራሱ ጣጣ አለው። የሚኒባስ ታክሲ በር የሚከፈተው በቀኝ ነው፤ ተሳፋሪም የሚወርደው ጥግ ይዞ ሲቆም ብቻ ሳይሆን መንገድ መሃል ሲያዝም ነው። «ወራጅ አለ!» ከተባለ በኋላ በሩ በአንድ አፍታ ተከፍቶ እናት ከነልጇ ትወርዳለች። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ብስክሌት በአንድ ሴኮንድ ውስጥ አምስት ሜትር ተኩል ይጓዛል። እጅ ፍሬን እስኪይዝ ያቺ አንድ ሴኮንድ ታልፋለች፤ ሴትዮዋ ግን ያለችው ሁለት ሜትር ላይ ነው። በ10 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ቢሆን ከሦስት ሜትር ባነሰ ቦታ መያዝ ይጀመራል። ስለዚህ በቆሙ መኪኖች አጠገብ የሚያልፍ ሰው ፈጠን ብሎ ከሚራመድ እግረኛ ብዙ ሊበልጥ አይገባም፤ ታክሲ ቆሞ ካየ ደግሞ እግሩን መሬት ያውርድ። በዚህ ላይ ክርክር የለኝም።

ከሁሉ የከፋው ግን ገልባጩና አውቶቡሱ ነው። ረጅም መኪና ወደ ቀኝ ሲታጠፍ የኋላ ጎማው የፊተኛው በሄደበት አይሄድም፤ ወደ ውስጥ ይቆርጣል። ከጎኑ ጠርዝ ላይ የቆመውን ሾፌሩ በእስፖኪዮ አያየውም፤ ከፍ ብሎ ስለ ተቀመጠ ከአፍንጫው ሥር ያለውንም አያየውም። ልጁ «ቦታ አለኝ» ብሎ ይገባል፤ መኪናው መታጠፍ ሲጀምር ያ ቦታ ይዘጋል። መስቀለኛ መንገድ ላይ ከከባድ መኪና ጎን ገብቶ መቆም ለማንም አይፈቀድም፤ በደንብ ባይጻፍ እንኳ በነፍስ ተጽፏል። ከኋላው ሆኖ መጠበቅ የሚያስከፍለው ግማሽ ደቂቃ ነው።

እግረ መንገዴን፣ ዳገት ላይ ከገልባጭ ኋላ አንጠልጥለው የሚወጡትን ልጆች የሚያደንቅ ጎረምሳ በሰፈራችን አይጠፋም። ይህ ጀግንነት አይደለም። ማታ ያለ መብራት መሄድ፣ ጆሮ ላይ ሙዚቃ ሰክቶ መንዳት፣ መንገድ ሲዘጋ የእግረኛ መተላለፊያ ላይ ወጥቶ አሮጊት ማስደንገጥም እንዲሁ። የመኪና ጣሪያ በጥፊ እየመቱ ማለፍ ደግሞ ነገር መፈለግ ነው። ሾፌር አሳልፎህ እንደሆነ እጅህን ከፍ አድርገህ አመስግን፤ ምን ይጎድልብሃል?

የሾፌሮቹም ተራ አለ። «ጠርዙን ይዘው አይሄዱም» ተብሏል። ጠርዙን አይተውታል? የጎርፍ መውረጃው ፍርግርግ ብረቱ በመንገዱ አቅጣጫ ስለ ተዘረጋ የብስክሌት ጎማ ሙልጭ አድርጎ ይውጣል። ሐምሌና ነሐሴ ውኃ ሲሸፍነው ደግሞ ጨርሶ አይታይም። በተረፈው ላይ መኪና ቆሟል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማት የተሠሩት መንገዶች የተለየ የብስክሌት መስመር አላቸው፤ የኛ መንገድ ግን የለውም። እንግዲህ ልጁ ሰማይ ላይ አይሄድ! ፍሬቻ ሳያሳዩ መስመር መለወጥ፣ ስልክ እያዩ ቆይተው መብራቱ ሲለቅ በድንጋጤ መሪ መጠምዘዝ፣ በር ሳያዩ መክፈት፣ እነዚህ ሁሉ የማን ሥራ ናቸው? በሩን በግራ እጅ ሳይሆን በቀኝ እጅ መክፈት ቢለመድ ሰውነት ራሱ ይዞርና ዓይን ወደ ኋላ ያያል። ገንዘብ አይጠይቅም፤ ከነገ ጀምሮ ይቻላል።

የጽሑፉ ባለቤት እስፖኪዮዋቸው ስለ ተነካ ተቆጥተዋል። ንብረት ነውና ይገባቸዋል፤ የነካው ልጅ ቆሞ ይቅርታ መጠየቅ፣ የሰበረም መክፈል አለበት። ነገር ግን ሚዛን ይኑረን። በአዲስ አበባ በትራፊክ አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው፤ የሚገድላቸውም ሞተር ያለው መኪና ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 1.19 ሚሊዮን ሰው በመንገድ አደጋ እንደሚሞት ገልጿል። ስለ ደኅንነት ስብሰባ ጠርተን በአጀንዳው ላይ ያሰፈርነው ብስክሌትን ብቻ ከሆነ፣ የተጠራነው ለደኅንነት ሳይሆን ለቀለም ጭረት ነው።

በጥበቃዎች ይመለሱ ስለ ተባለው ደግሞ ግልጽ እናድርግ። ጥበቃዎቻችን የተቀጠሩት ሌባ እንዲጠብቁ ነው። መንገድ ላይ ስለ ተሠራ ጥፋት የሚጠይቀው የትራፊክ ፖሊስ ነው። ደግሞስ ጥበቃው በር ላይ ተቀምጦ ያ ልጅ መገናኛ ላይ እንዴት እንደነዳ በምን ያውቃል? ስለማያውቅ የሚያደርገው አንድ ነው፤ የዕቃ ሣጥን ከኋላው የጫነውን ሁሉ ይመልሳል። ያ ልጅ የሚከፈለው ባደረሰው ዕቃ ልክ ነው። በር ላይ የተመለሰበት ምግብ የማን ዕዳ እንደሚሆን ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ጠይቄአለሁ፤ ከኪሱ እንደሚቆረጥበት ነግሮኛል። ከታችኛው ረድፍ ቤት ያሉት ብቻቸውን የሚኖሩት እናታችን የደም ግፊት መድኃኒታቸውን የሚቀበሉት ከእነዚሁ ልጆች ነው። ስብሰባ ላይ መጥተው እንዲናገሩ እግራቸው አይፈቅድላቸውም፤ ስለዚህ እዚህ ጽፌላቸዋለሁ።

ስለሆነም የጥበቃው ነገር ከአጀንዳው እንዲወጣ እጠይቃለሁ። በምትኩ ከመዋጮው ላይ ጥቂት ተነሥቶ በመውጫችን ያለው ፍርግርግ ብረቱ በአግድም እንዲሆን ለወረዳው እናመልክት፤ ከወረዳው ፈቃድ ከተገኘ የብየዳውን ወጪ እንሸፍን። ከበሩ ግራና ቀኝ ሃያ ሃያ ሜትር መኪና እንዳይቆም ይወሰን፤ የሚወጣም የሚገባም እንዲተያይ። ስብሰባው እሑድ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። ወደ ሰፈራችን ከሚመላለሱት ዕቃ አድራሾች ሁለቱን ይዤ ለመምጣት ቃል ገብቻለሁ፤ የስብሰባው ሰብሳቢም የመናገሪያ ጊዜ እንዲይዙላቸው ከወዲሁ አሳስባለሁ።

አንድ የሰፈሩ ነዋሪ