የዱራሜ ልጆች ሥጋትና መጠይቆቻችን የማይጠይቁት ጉዳይ

ስለ ኮቪድ-19 ወረርሽኝና ስለ ልጆች የአእምሮ ጤና ስንጽፍ አብዛኞቻችን የምንነሣው ከትምህርት ቤቶች መዘጋት ነው። መነሻው ስሕተት አይደለም። የመጀመሪያው ታማሚ በሀገራችን መገኘቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ተገለጸ፤ ከሦስት ቀናት በኋላ ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ፤ በደረጃ መከፈት የጀመሩትም በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ነበር። ለዐሥር ዓመት ልጅ ሰባት ወር ረጅም ዘመን ነው። ይሁንና ለዱራሜና ለአካባቢዋ ይህ መነሻ ብቻውን የሚበቃ አይመስለኝም።

ከከምባታና ከሐዲያ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚደረገው ስደት ከሁለት ዐሥርት ዓመታት በላይ ዘልቋል። አባቱ፣ ወንድሙ ወይም አጎቱ በዚያ ሀገር በንግድ የሚተዳደር ልጅ በዱራሜ ማግኘት አያስቸግርም። ይህ ልጅ በዚያው መጋቢት ወር ከትምህርት ቤቱ መዘጋት ሌላ ብዙ የሚሰማው ነበረው። መጋቢት 15 ቀን በሞዛምቢክ ቴቴ ግዛት፣ በአንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ የ64 ኢትዮጵያውያን አስከሬን ተገኘ። በሦስተኛው ቀን ደቡብ አፍሪካ ሙሉ በሙሉ ተዘጋች፤ ሰነድ የሌለው ስደተኛም መንግሥት ካቀረበው ድጎማ ውጭ ሆነ። ለልጁ ወረርሽኙ ወደ ቤቱ የገባው በስልክ ነው ማለት ይቻላል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ያልተነገረው ወሬ ነው። በሀገራችን መርዶ ሰዓትና ሥርዓት አለው፤ ወዳጅ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ማልዶ ይነገራል። እስከዚያው ይደበቃል፤ ከልጅ ደግሞ ይበልጥ ይደበቃል። መጋቢት 30 ቀን የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብን ሲከለክል የተነካው የለቅሶው ድንኳን ብቻ አልነበረም፤ የተደበቀው ወሬ የሚገለጥበት ሥርዓትም አብሮ ተነካ። እናቱ ስልክ ይዛ ወደ ጓሮ ስትወጣ፣ ድምፅዋንም ዝቅ ስታደርግ የሚያይ ልጅ የማንን ወሬ እንደሚፈራ ጠንቅቆ ያውቃል። ይህን በጥቅሉ «ጭንቀት» ብሎ መመዝገብ የሥጋቱን ባለቤት ማጥፋት ነው።

መጠይቆቻችን ይህን የሚይዙ አይደሉም። ጋድ-7 የተባለው የጭንቀት መለኪያ ባለፉት ሁለት ሳምንታት የታዩ ሰባት ምልክቶችን ይቆጥራል እንጂ ምልክቱ በማን ምክንያት እንደ መጣ አይጠይቅም። የልጆችን «ብርታትና ችግር» የሚለካው የታወቀው መጠይቅ ልጁ ራሱ የሚሞላው ቅጽ ያለው ከ11 ዓመት ጀምሮ ነው፤ ከዚያ በታች ላለው ወላጅ ወይም መምህር ይመልስለታል። መምህሩ በዚያ ወቅት ልጁን አያየውም። ወላጁ ደግሞ ወሬውን የደበቀው ሰው ራሱ ነው፤ ልጁ እንዳልሰማ ስለሚያምንም «ደኅና ነው» ብሎ ይመልሳል። በ2020 እ.ኤ.አ. በስልክ የተካሄደው የያንግ ላይቭስ ጥናት በሀገራችን ጠቃሚ መረጃ ሰብስቧል፤ ሆኖም ተሳታፊዎቹ ያን ጊዜ ወደ 19 እና 26 ዓመት የተጠጉ ነበሩ። የቋንቋው ነገር ሲጨመርበት (ልጁ ፊደል የቆጠረው በከምባትኛ፣ መጠይቁ የሚመጣው በአማርኛ) ክፍተቱ ይሰፋል።

ጊዜው አልፏል የሚል ይኖራል። አላለፈም፤ ያኔ የዐሥር ዓመት ልጆች የነበሩት አሁን ስለ ስደት ራሳቸው የሚወስኑበት ዕድሜ ላይ እየደረሱ ነው። በዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ የዱራሜ ካምፓስ ያሉ ተመራማሪዎች ሩቅ ሳይሄዱ፣ በራሳቸው ቋንቋ ሊያነጋግሯቸው ይችላሉ። ዘዴውም ለአካባቢው አዲስ አይደለም፤ ቦጋለች ገብሬ የመሠረቱት ድርጅት በአደባባይ ስለማይነሣው የሴት ልጅ ግርዛት ሕዝቡን ያነጋገረው በማኅበረሰብ ውይይት ነው። እርግጥ ከዓመታት በኋላ የሚሰጥ ምስክርነት ትውስታ ስለሆነ የምልክቶችን ብዛት ለመለካት አይሆንም፤ የሥጋቱን ምንጭ ለማወቅ ግን ይበቃል። ከመጠይቁ ራስ ላይ ሁለት ጥያቄዎች ቢጨመሩ እመርጣለሁ፦ በዚያ ወቅት ከቤተሰብህ በስደት ላይ የነበረው ማን ነው? ስለ እርሱ የሚወራውንስ ማን ነገረህ?